የበሶው ክርክር

የሕይወት ክህሎት የሚባለው ነገር ወደ ትምህርት ቤታችን የገባው በሥልጠና በር ነው። አሠልጣኞች ከከተማ ይመጣሉ፤ ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከየክፍሉ ጎበዝ ጎበዙ ተመርጦ ይገባል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፤ ሻይና ዳቦም አይጠፋም። ከዚያ አሥሩ ክህሎቶች ይዘረዘራሉ፦ ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ አዲስ አሳብ ማፍለቅ፣ በጥልቀት መመርመር፣ አሳብን መግለጽ፣ ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ የራስን ስሜት መግዛት፣ ጭንቀትን መቋቋም። ዝርዝሩን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀው ነው። ክፋት የለውም፤ ልጁ እነዚህ ነገሮች እንዲኖሩት የማይፈልግ አባት የለም። ነገር ግን የእኛ አገር ተማሪ ዝርዝር ሲያይ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሸመድደዋል። በሥልጠናው ማብቂያ «የሕይወት ክህሎቶች ስንት ናቸው?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሥር!» ይላል። ይጨበጨባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ወረቀቱ ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ይረግፋል።

እኔ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማስተምረው ዜግነት ነው። ሥልጠናን ለማጣጣል አልተነሣሁም፤ ከሥልጠና የተጠቀሙ ልጆች አውቃለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ከተማሪዎቼ ጋር ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክብ ሠርተን እየተቀመጥን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን ስንከራከር ያየሁት ነገር አለ። ያየሁትም ይህ ነው፦ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ውሳኔ መስጠትን የሚማረው ምክንያቱን በእኩዮቹ ፊት ሲያወጣ፣ ከእሱ የተሻለ ምክንያት ሲሰማ፣ አንዳንዴም ሽንፈት ሳይመስለው አሳቡን ሲለውጥ ነው። ይህን ደግሞ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ለልጅ የሚከብድ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለየትኞቹ ልጆች እንደማወራ ልናገር። የጎጃም የገጠር ልጅ አንደኛ ደረጃን በቀበሌው ጨርሶ ወደ ከተማ ሲመጣ ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግር ወደ ቤተሰብ ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ በሶ ነው፣ ድርቆሽ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ሽሮና በርበሬ ነው፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ለሚመጡት ደግሞ ድንች አለ። በዚያች ክፍል ውስጥ አዋቂ ሰው የለም። ኪራዩን የሚቆጥሩት፣ ጋዙን ወይም ከሰሉን የሚያብቃቁት፣ የታመመውን የሚያስታምሙት፣ የተጣሉትን የሚያስታርቁት ራሳቸው ናቸው። የሕይወት ክህሎት ለነገ ሕይወት መዘጋጃ ነው የሚል ሰው ሐሙስ ማታ፣ ስንቅ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ከእነዚህ ክፍሎች አንዷን ይጎብኝ። ሕይወቱ ከጀመረ ቆይቷል።

ጥያቄዎቻችንን የምናገኘው ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ከሚያስገቡት ነው። አንድ ጊዜ የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሳይነግረኝ በሶዬን ይበላል። ሌባ ነው?» ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከመካከላቸው ሳይናገር በልቶ ወይም ሳይነገረው ተበልቶበት የማያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

የክባችን ደንብ ሁለት ነው። የሚናገር ሰው ምክንያቱን ይናገራል። የሚቃወም ሰው ደግሞ ከመቃወሙ በፊት የተናገረውን ሰው አሳብ መልሶ ይላል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» ካላለ መቃወም አይችልም። ይህች ሁለተኛዋ ደንብ ቀላል ትመስላለች፤ መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ልጅ የሌላውን ንግግር ሳያጣምም መልሶ ለመናገር ሦስት ጊዜ ሲሞክር ይታያል። (የመምህራን ስብሰባ ላይም ብትሠራ ምኞቴ ነበር።)

አንዱ ጀመረ። «ሌባ ነው። ምክንያቴ፣ ሳይጠይቅ ወሰደ።»

«እኔ የእናቴ ጓዳ ገብቼ ሳልጠይቅ እበላለሁ፤ ሌባ ነኝ ማለት ነው?» አለ ሌላው።

«እናት ሌላ ናት።»

«ለምን ሌላ ሆነች?» አልሁ። እኔ የምናገረው እንዲህ ዓይነቱን ብቻ ነው።

ትንሽ አሰበ። «የእሷ ለእኔ ነው፤ ብትጠየቅም እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ።»

«ታዲያ አብረው የሚኖሩ ጓደኞችስ? ቢጠየቅ እንደሚሰጠው ካወቀ አልሰረቀም ማለት ነው?» አለች አንዲት ልጅ። «ከሆነ ደግሞ የሚሰጥ ሰው ሁልጊዜ ይበላበታል፤ የማይሰጥ ሰው ግን ይከበርለታል። ይህ ፍርድ ነው?»

ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ስንቅ ያለቀበት ልጅ ለምን እንደማይጠይቅ ታውቃላችሁ? ከጠየቀ ስንቅ የለውም ማለት ነው። ስንቅ የለውም ማለት ቤታቸው የለም ማለት ነው።»

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ኋላ አንዱ፣ በመጠኑ በቁጣ፣ «ስለዚህ መስረቅ ከመጠየቅ ይሻላል ነው የምትለው?» አለው። ልጁ ደንቡን አስታወሰው፤ «ያልሁትን መልሰህ በል። ይሻላል አላልሁም። መጠየቅ ይከብዳል ነው ያልሁት።» ከዚያ ሌላ ልጅ እንዲህ ብሎ ገባ፦ «ጥፋቱ ጥፋት ነው። እሱን ግን ሌባ ብዬ አልጠራውም።»

ድርጊቱንና አድራጊውን ለያይቶ መመዘን፣ አንድ ነገር ስሕተት መሆኑና ሠሪው የሚወቀስ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው በሥነ ምግባር ፍልስፍና ውስጥ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው። ይህ ልጅ አንድም የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይነካ በበሶ በኩል ደረሰበት። እኔም ይህን ልነግረው ፈልጌ ምላሴን ያዝሁ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም ነበርና።

ያልጠበቅሁት ከሴቶቹ በኩል መጣ። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። «ስለ በሶ ብቻ ለምን እንነጋገራለን? ሰዓትስ አይሰረቅም? ውኃ የማመጣው እኔ ነኝ፣ ሽሮ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። እሱ ያጠናል።»

«ሰዓት ዕቃ አይደለም፤ እንዴት ይሰረቃል?» አለ አንዱ።

«በሶ ቢሰረቅ እሑድ ሌላ ይመጣል። ያላጠናሁት ማታ ከየት ይመጣል?»

«እናንተ ስለምትችሉበት ነው እኮ…»

«ስንወለድ ምጣድ ይዘን አልመጣንም።»

ወንዶቹ ሳቁ፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ደወል ተደወለ። በኋላ አንዳንድ ክፍሎች የውኃና የወጥ ተራ እንዳወጡ ሰማሁ። አንደኛው ቤት የወጣው ተራ ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ፈረሰ አሉ። ቢፈርስም ግን ቢያንስ የሚፈርስ ነገር ተፈጥሮ ነበር።

እንግዲህ አሥሩን ዝርዝር አምጥቶ በዚያች ሰዓት ላይ ማስተያየት ይቻላል። የሌላውን ስሜት መረዳት ነበረ፤ አሳብን መግለጽ ነበረ፤ ቁጣን መግዛትም ነበረ። ስማቸውን የጠራ ግን አልነበረም። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። «የሌላውን ስሜት መረዳት» ብሎ የጻፈ ልጅ ጻፈው እንጂ አልተረዳም፤ «ቤታቸው የለም ማለት ነው» የሚለውን የሰማ ልጅ ግን ክፍሉ ሲመለስ አብሮ አደሩን የሚያይበት ዓይን ሳይለወጥ አይቀርም።

ይህን መንገድ እኔ አልፈጠርሁትም። ማቲው ሊፕማን የሚባል አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ማሰብን የሚማሩት በጣም ዘግይተው መሆኑ አሳሰበው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የአስተሳሰብ ልማዱ ጠንክሯል። ስለዚህ ልጆችን ለማስተማር ተነሣ። የጻፈላቸውም የፕላቶንና የካንትን ስም የሚዘረዝር መማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ እነሱ ያሉ ልጆች ስለ ማሰብ የሚጨቃጨቁበት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ጀርሲ፣ ሞንትክሌር፣ የልጆች ፍልስፍናን የሚያስፋፋ ተቋም አቋቋመ፤ አን ማርጋሬት ሻርፕ የተባለች መምህርት የሥራ ባልደረባው ነበረች። አሠራሩ አጭር ነው። አንድ ታሪክ አብሮ ይነበባል፤ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ያወጣሉ፤ አንዱን ይመርጣሉ፤ ክብ ሠርተው ይመረምሩታል፤ መምህሩ መልስ አይሰጥም፤ ምክንያት፣ ምሳሌና ተቃራኒ ምሳሌ ይጠይቃል። ፈረንሳዮች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ፍልስፍናን ተምሮ 4 ሰዓት ተቀምጦ በጽሑፍ ይፈተናል።

በእኛ አገር አመክንዮ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ አለ። መልካም ነው፤ ግን ማን ይደርስበታል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። በማካካሻ ትምህርት የገቡትን ብንጨምር እንኳ ከአንድ ክፍል ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ያንን ኮርስ አያዩትም። ደላላ ግን ያዩታል። ወደ ዓረብ አገር ልላክሽ የሚላቸውን፣ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ና የሚላቸውን፣ ኳስ ገምተህ ሀብታም ሁን የሚላቸውን ስልክ ያዩታል። «ይህን የምትለኝ በምን ማስረጃ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለሚያስፈልገው ሰው አመክንዮን ከዩኒቨርሲቲው በር ወዲያ ማስቀመጥ ለእኔ የቦታ ስሕተት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ጎጃም ተቀምጦ ይህን ሁሉ ከኒው ጀርሲ እንደመጣ አዲስ ነገር ማውራት ያሳፍራልና። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የነበረባቸውና ያለባቸው ስሞች ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ያድራል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ጎጆውን ራሱ ይሠራል። ትምህርቱን ስናይ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት የተሰጠውን በቃሉ ሲያጠና የኖረ ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ ያልተሰጠውን እንዲያመጣ ይጠየቃል። ከአጭሯ የቅኔ ዓይነት፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ሲያዘጋጅ ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። የሌላውን ማምጣትማ አይነሣ። በአገራችን ተማሪ በየቀኑ «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ይህን ጥያቄ አንድም ጊዜ ያልተጠየቀ ተማሪ ሞልቷል።

ቢሆንም ቅኔ ቤቱን እንዳለ አንሥተን እንቅዳው አልልም። የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ነው፤ እኩያ እኩያውን የሚመዝንበት ቦታ ጠባብ ነው። ሴት ልጅ በአብዛኛው ከበሩ ውጭ ነበረች። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው በዚሁ በጎጃም ቅኔ ማስተማራቸው የሚያኮራ ነው፤ ስማቸው ብቻውን ተነጥሎ መጠራቱ ግን የቀሩት ሴቶች የት እንደነበሩ ይነግረናል። ሌላም አለ። ሰምና ወርቅ ነገርን ሸፍኖ መናገርን ያስተምራል፤ ሸፍኖ የተናገረ ሰው ደግሞ ሲያዝ «እኔ ያልሁት ሰሙን ነው» ብሎ ማምለጥ ይችላል። ይህ ለግጥም ጌጥ ነው፣ ለፍርሃት ዘመንም መሸሸጊያ ነው፤ አብሮ አደሩን «በሶዬን አትንካ» ማለት ላቃተው ልጅ ግን አይረዳም። በክባችን አንድ ልጅ ነገሩን ሲጠመዝዝ ተማሪዎቹ ራሳቸው «ሰሙን ተወውና ወርቁን በለን» ይሉታል።

የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ ነው ስለሚባለው የፍልስፍና ጽሑፍ፣ ስለ ሐተታ፣ የሚጠይቁኝ አሉ። አስተምረዋለሁ፤ ግን የምወደው በሌላ በኩል ነው። ጽሑፉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ ይናገራል፤ ወደ ምሁራን እጅ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጣሊያናዊው ሚስዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሚስዮናዊው ራሱ ጽፎት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ካናዳዊው የፍልስፍና መምህር ክላውድ ሳምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን አጥብቆ ተሟገተ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ብዙ መምህራን ይህን ለተማሪ መንገር ኩራቱን ያጠፋበታል ብለው ይፈራሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። «እኛም ፈላስፋ ነበረን» ብሎ ከማስጨብጨብ ይልቅ የሁለቱን ወገን ማስረጃ ዘርግቶ «የትኛው ያሳምናችኋል? ለምን?» ማለት ሐተታው ራሱ ከሚጠይቀው ሥራ ጋር ይስማማል።

ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚመለከተው ሰዓት አጭር ነበር፤ ግን ብዙ አስተምሮኛል። ልጆቹ ትክክለኛውን መልስ ሁሉ ያውቁታል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ማድረጋቸውን ያውቃሉ፤ የወሊድ ጉዳቱን ይዘረዝራሉ፤ ለፈተና ተሸምድዷል። አንድ ወረቀት ግን «አባት ለወዳጁ የገባውን ቃል ልጁ መጠበቅ አለባት?» ይላል። የተሸመደደው መልስ ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ። አንዲትን ልጅ የሚይዛት የጉዳቱን ዝርዝር አለማወቋ አይደለም፤ አባቷ በሰው ፊት ቃል-አባይ እንዳይባል መፍራቷ ነው። ከአባቷ ፍቅር የተነሣ የምትፈራውን ነገር «ጎጂ ልማድ» ብለን ብቻ ብናልፈው አልነካነውም። ክርክሩ ወደ ቃል ኪዳን ሄደ፤ የራስ ያልሆነን ነገር ቃል መግባት ይቻላል ወይ? አንዱ «የጎረቤቴን በሬ ልስጥህ ብዬ ቃል ብገባ ያፈረስሁት ስቀር ነው ወይስ ስገባ?» አለ። ልጅቷን ከበሬ ጋር አስተያየህ ተብሎ ተሰደበ። ስድቡ ይገባዋል፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል? አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ አባት በገበያ ቀን ወደ ትምህርት ቤት መጡ። በአካባቢው የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ኩታቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አንተ መምህር፣ ልጄን ምን እያስተማርህብኝ ነው?»

«ምን አጠፋች አባቴ?»

«ጠላ ቅጅ ስላት ‹ለምን እኔ ሁልጊዜ?› ትለኛለች። ወንድሟ ተቀምጧል እያለች። እኔ በእሷ ዕድሜ አባቴን ቀና ብዬ አላየሁትም።»

ይቀመጡ ብዬ ወንበር አመጣሁላቸው። «አባቴ፣ እርስዎ የድንበር ጠብ ሲያስታርቁ መጀመሪያ ማንን ይሰማሉ?»

«ሁለቱንም ነዋ! አንዱን ሰምቶ የሚፈርድ ምን ሽማግሌ ነው?»

«ምክንያታቸውንስ ይጠይቃሉ?»

«ሳልጠይቅ በምን እፈርዳለሁ?»

«እሷም ከእርስዎ አይታ ይሆናል።»

ወዴት ልወስዳቸው እንደፈለግሁ ገባቸው፤ ሳቅ አሉ። «እንግዲያው ሽማግሌ ስትሆን ትጠይቀኝ» ብለው ተነሡ።

ይህ መልስ ቀልድ ብቻ አይደለም። እሳቸው ምክንያትን አልጠሉም፤ በላ ልበልሃ እየተባለ በዛፍ ሥር ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ምክንያትን እንዴት ይጠላል? የሚሉት ምክንያት መጠየቅ በዕድሜ የሚገኝ መብት ነው ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል የለ? ትልልቅ አጋሮችም አሏቸው። አርስቶትል ወጣት የኑሮ ልምድ ስለሌለው የሥነ ምግባርና የፖለቲካ ትምህርት ተስማሚ አድማጭ አይደለም ብሏል። ፕላቶን ወጣቶች ክርክርን ሲቀምሱ እንደ ቡችላ ያገኙትን ሁሉ በቃል መቦጫጨቅ ይወዳሉ ብሎ አስጠንቅቋል። የአቴና ሰዎችማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሶቅራጥስን ወጣቶችን ታበላሻለህ ብለው ሞት ፈረዱበት። ስለዚህ እኒያ አባት የተናገሩት ያላዋቂ ነገር አይደለም።

የእኔ መልስ ከእነዚህ ልጆች ኑሮ የሚነሣ ነው። መጠየቅ ለሽማግሌ ይቆይ ከተባለ መወሰንም አብሮ መቆየት ነበረበት። ልጁ ግን በአሥራ አምስት ዓመቱ ቤት አስተዳዳሪ ሆኗል፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ መተማ በሚሄድ አውቶቡስ ልሳፈር ወይስ ልቅር ብሎ ያድራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ስለነበር የተመለሱት ልጆች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ያዩትም ከዕድሜያቸው በላይ ነው። ማንም «ሽማግሌ እስክትሆን እንጠብቅሃለን» አላላቸውም።

የፕላቶን ቡችላ ግን እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። «ለምን?»ን እንደ ጅራፍ የሚያጮሃት ልጅ አይጠፋም፤ አንዱ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ዘግይቶ መጥቶ «በር በሰዓቱ የሚዘጋው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲያደርቃቸው ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ደንብ ጨመርን፦ «ለምን?» ያለ ሰው የራሱን መልስ አስቀድሞ ይዞ ይመጣል። ጥያቄው ቀነሰ፤ የቀረውም የተሻለ ሆነ።

በክባችን የማይነሡ ጥያቄዎች አሉ። በዚህ ጊዜ ስለ ጦርነቱ በክፍል ውስጥ አልጠይቅም፤ አንድ ልጅ የተናገረው ቃል ከግቢው ወጥቶ የት እንደሚደርስ አላውቅምና። ሃይማኖትም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ልጆቹ ስለ እግዚአብሔር ሲያነሡ አላስቆማቸውም፤ አልፈርድምም።

ይህን መሞከር ለሚፈልግ መምህር የምነግረው ጥቂት ነው። በጀት አይጠይቅም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የማይስፋፋው። የእንጨት ወንበሮቻችን ጠረጴዛ የተያያዘባቸው ስለሆኑ አይነቃነቁም፤ ስለዚህ ውጭ፣ ዋንዛው ሥር እንቀመጣለን። ከስልሳ ተማሪ ጋር አንድ ክብ አይሆንም፤ ግማሹ በውስጠኛው ክብ ይነጋገራል፣ ግማሹ በውጨኛው ሆኖ የተሰጡትን ምክንያቶች ይጽፋል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ከሁሉ የሚከብደው የመምህሩ አፍ ነው። እኛ መምህራን ዝምታን እንደ ውድቀት እናየዋለን፤ ጥያቄ ጠይቀን አምስት ሰከንድ ሳንቆይ ራሳችን እንመልሳለን። ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እጁን ለማውጣት ከዚያ በላይ ጊዜ ያስፈልገው ነበር።

አሁን ያከራከረን የነጥብ ጉዳይ ነው። ርእሰ መምህሩ ለረቡዕ ክርክር ከመቶ አሥር ነጥብ ይያዝለት ይላሉ፤ ነጥብ የሌለው ነገር ለተማሪም ለወላጅም ትምህርት አይመስልም ባይ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም። ነጥብ ከተያዘ ልጁ እኔ የምወደውን መልስ ማደን ይጀምራል፤ ያ ዝምተኛ ልጅም «ስርቆት ጎጂ ተግባር ነው» ብሎ ሁለት ነጥቡን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ተማሪዎቹን ስንጠይቅ ለሁለት ተከፈሉ። ነጥቡን ከደገፉት አንዷ እንዲህ አለች፦ «ነጥብ ከሌለው ለአባቴ ምን ብዬ ነው የምቀረው? ‹ለትምህርት ነው› ስለው ‹ስንት ይያዛል?› ይለኛል። ነጥብ ያለው ነገር እኔን ከቤት ሥራ ያስጥለኛል፤ የሌለው ግን አያስጥለኝም።» ወንዶቹ ይህን አላሰቡትም ነበር፤ መልስም አላገኙለትም። ለሚቀጥለው ረቡዕ የተመረጠው ጥያቄ ይኸው ነው። ርእሰ መምህሩንም እንዲቀመጡ ጋብዘናቸዋል፤ ደንቦቹን ሲሰሙ «እኔም የሌላውን አሳብ መልሼ መናገር አለብኝ?» ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። እንደሚመጡ ነግረውናል።